የጎማ ዕድሜ በካባና በአስፋልት መካከል

ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ በማለዳ የተጓዘ ሁሉ ድንጋይ የጫኑ ገልባጭ መኪኖች ተከታትለው ሲያዘግሙ ሳያይ አይቀርም። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ሦስት ከተሞች መዲናይቱን ከከበቡት መካከል ናቸው። የዛሬው ንግግራችን ስለ ድንጋዩ ሳይሆን ድንጋዩን ስለሚሸከመው ጎማ ነው። ነገሩ የሾፌር ብቻ የሚመስለው ቢኖር ተሳስቷል፤ የጎማን ግዢ የሚፈርመውም፣ የሚረከበውም፣ ከመኪናው ኋላ የሚጓዘውም እኛው ነንና።

ከሁሉ አስቀድሞ ጭነቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው ነፋስ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ጆን ቦይድ ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 በነፋስ የተሞላውን ጎማ ለብስክሌት ካበጀ ወዲህ ይህ አልተለወጠም። ነፋሱ ያነሰ እንደ ሆነ የጎማው ጎን በየዙሩ ከልክ በላይ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱም ላስቲኩን ከውስጥ ሽቦው ያላቅቀዋል። ከልክ ያለፈ ጭነትም የሚያደርሰው ጉዳት ይኸው ነው። ስለዚህ የፈነዳውን ጎማ አይተን «ድንጋይ ቀደደው» ከማለታችን በፊት ሙቀቱን መጠርጠር ይገባናል።

ከካባ ወደ ከተማ የሚመላለሰው መኪና ችግር ግን ድርብ ነው። በካባው ውስጥ በዝግታ ቢሄድም አዲስ የተፈለጠ ጥቁር ድንጋይ እንደ ስለት ነው። በክረምት ደግሞ ውሃው እንደ ቅባት ስለሚያገለግል እርጥብ ላስቲክ ከደረቁ ይልቅ በቀላሉ ይቆረጣል። ስለዚህ ለካባ የሚሠራው ጎማ ጥርሱ ጥልቅ፣ ላስቲኩም መቆረጥን የሚቋቋም ይሆናል። ይኸው መኪና አስፋልት ሲይዝ ይፈጥናል፤ ያን ጊዜ ወፍራሙ ላስቲክ ሙቀቱን ማስወጣት ይሳነዋል። ከሱሉልታ የመጣውማ የእንጦጦን ቁልቁለት ሲወርድ የፍሬኑ ሙቀት በቸርኬው በኩል ይጨመርበታል። እንግዲህ ለድንጋይ የበረታው ለፍጥነት ይደክማል፤ ለፍጥነት የተሠራው በድንጋይ ይቆረጣል። ለሁለቱም ፍጹም የሆነ ጎማ ስለሌለ፣ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ የሚውልበትን መንገድ አመዛዝኖ መምረጥ ያስፈልጋል።

በግምጃ ቤት ጎማ የምትረከቡ ሆይ፤ ጎኑን አንብቡ። «12.00 አር 20» ቢል፣ 12 ስፋቱን፣ 20 የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ያመለክታል፤ «አር» ደግሞ ራዲያል መሆኑን ያሳያል። የተሠራበትም ጊዜ በአራት አኃዝ ተጽፎ ይገኛል፤ 3523 ቢል እ.ኤ.አ. በ2023 በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ላስቲክ በመጋዘን ተቀምጦም ያረጃልና በርካሽ የተገዛ አሮጌ ጎማ ኋላ ውድ ይሆናል።

ነፋስ የሚለካው ጧት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። በጉዞ የሞቀውን ጎማ «ነፋሱ በዛ» ብሎ ማስተንፈስ ስሕተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ይገኛልና። ከኋላ ጥንድ ጎማዎች የአንዱ ነፋስ ሲጎድል ጓደኛው የሁለቱን ሸክም ይሸከማል። ከካባ ሲወጣም በጥንዶቹ መካከል የተሰነቀረውን ድንጋይ ማውጣት ይገባል፤ ያ ድንጋይ በፍጥነት ጊዜ ተስፈንጥሮ ከኋላ የሚመጣውን መኪና መስተዋት ሊሰብር፣ አልፎም ሰው ሊገድል ይችላል።

እንግዲህ የመኪና ስምሪት የምትመሩ ሁሉ፣ ሾፌሩ ለዚህ ምርመራ የሚያጠፋውን የማለዳ ደቂቃ እንደ መዘግየት አትቁጠሩበት። ያቺ ደቂቃ የመንግሥትን ገንዘብና የመንገደኛውን ነፍስ ትጠብቃለች።