የስሜን እንደራሴ የማን ነበር?

እንደራሴ የሚለው ቃል ሲፈታ «እንደ ራሴ» ነው። ቀድሞ ንጉሡ በራሱ ቦታ የሚያቆመው ሰው መጠሪያ ነበር፤ ራስ ተፈሪም ከመንገሣቸው በፊት አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ይባሉ ነበር። ኋላ «የሕዝብ እንደራሴ» ሲባል ቃሉ ባለቤት ቀየረ፤ በዙፋኑ ቦታ የሚቆመው ሰው በገበሬው ቦታ ሊቆም ነው ማለት ነው። ይህ ለውጥ ስሜንና ወገራ ደርሶ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ደባርቅ የስሜን፣ ዳባት ደግሞ የወገራ አውራጃ ዋና ከተማ በነበሩበት ዘመን የአካባቢው ሕዝብ እንደሌላው የቤጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ተወካዮቹን አዲስ አበባ ይልክ ነበር። ስለዚያ ውክልና ሲነሳ አብዛኛው ሰው «የይስሙላ ነበር» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ጉድለቱ ከዚህ የተለየና ዛሬም የሚያስተምር ይመስለኛል፦ ወንበሩ ነበረ፤ የስሜንን ሰው ኑሮ የሚወስነው ጉዳይ ግን በወንበሩ በኩል አያልፍም ነበር።

የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን ሲያቋቁም፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ ተወካዮቹን መኳንንትና ሹማምንት እንዲመርጡ ደነገገ። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ምርጫውን ለሕዝብ ሰጠ፤ አገሪቱ ሁለት መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ በያዙ የምርጫ ክልሎች እንድትከፈል፣ እያንዳንዱም ሁለት እንደራሴ እንዲልክ አዘዘ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም መስከረም ተካሄደ፤ ከዚያም በየአራት ዓመቱ እየቀጠለ እስከ 1965 ዓ.ም አምስት ጊዜ ተደረገ። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ተመራጩ 25 ዓመት የሞላው፣ በክልሉ የሚኖርና በዚያው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። መኖሪያን በሚመለከት የወጣው ሕግ መልካም ነበር። ንብረትን በሚመለከት የወጣው ግን ስሜን ላይ ሲደርስ ይከብድ ነበር፤ እዚያ መሬት የዘር ርስት ነበር፣ ወንድምና እህት፣ አጎትና የአጎት ልጅ የሚካፈሉት እንጂ ገበያ ወጥቶ ዋጋ የሚቆረጥለት አልነበረም። ድንጋጌው ለሹምና ለነጋዴ እንደሚቀና፣ በርስት ላይ ብቻ ለሚኖር ገበሬ ግን እንደሚጠብብ መገመት አያስቸግርም።

«ምክር ቤቱ የንጉሡ ጌጥ ብቻ ነበር» ለሚል ሰው መልሱ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት የሕግ ረቂቅ ነው። መንግሥት ራሱ ያቀረበውን ይህን ሕግ ምክር ቤቱ እያንከባለለ እስከ አብዮቱ ሳያጸድቀው ቀረ። አቅም ነበረው ማለት ነው፤ ያዋለው ግን ለባለመሬት ነው። የ1960ውን የእርሻ ገቢ ግብር ደግሞ ተከራክሮ፣ አሻሽሎ አሳለፈው። የጎጃም ገበሬ ግን ይህን ግብር ተቃውሞ ጠመንጃ አነሳ፤ መንግሥትም በመጨረሻ የግብር ውዝፉን ማረ። ለደባርቅ ቅርብ የሆነው ማስረጃ ግን የስሜን ብሔራዊ ፓርክ ነው። ዋልያና ጭላዳ የሚኖሩበትን 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደል፣ ሜዳና ግጦሽ የከለለው በ1962 ዓ.ም የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 59 ነው። አዋጅ ምክር ቤት ይቀርብ፣ ይከራከሩበትም ነበር፤ ትእዛዝ ግን ከዙፋኑ ይወጣ ነበር። ገብስ የሚያርሰውና በግ የሚያግደው የግጭ መንደር ሰው በፓርኩ ክልል ውስጥ መኖሩ ራሱ ጥያቄ ውስጥ የገባው እንደራሴው እጁን ሳያነሳ፣ ሳያወርድ ነው። ዋልያውን ማዳን ትክክል ነበር፤ ይህን አልቃወምም። ትክክል መሆኑ ግን በመሬቱ ላይ የሚኖረውን ሰው ከመጠየቅ ነጻ አያደርግም ነበር። የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም ተነሥተው ደባርቅ ከተማ ጫፍ ሲሰፍሩ የተነሳው ጥያቄ ሥሩ እዚህ ድረስ ይወርዳል።

ስለዚህም ታሪክ የስሜንን ሹማምንት በስም መያዙ አይገርምም። ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ማርያምን አሠሩ፣ በዚያው አቅራቢያ በካሣ ተሸነፉ፣ ካሣም በ1847 ዓ.ም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ደጃዝማች አያሌው ብሩ በ1928ቱ የጣልያን ጦርነት ጦር መርተዋል። ግብርም ፍርድም ዘመቻም በሹሙ እጅ ስለነበር ሕዝቡ ሹሙን ያውቅ ነበር፤ እንደራሴው ግን ከእነዚህ አንዱንም አልያዘም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ በአዋጅ ቁጥር 1 ምክር ቤቱን ሲበትን ለወንበሩ የተነሣ ጦር አልነበረም። ከዚያ በኋላ በ1979 ዓ.ም የተመረጠው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ነበሩት፤ ዕድሜው ግን ከአራት ዓመት አልዘለለም።

«ዛሬ ወረዳን መነሻ ያደረገ የምርጫ ክልል ስላለ ተወካዩ ቀርቧል» የሚል መከራከሪያም አለ። ቁጥሩ ሌላ ይላል። በ1948ቱ ስሌት አንድ እንደራሴ ለመቶ ሺህ ሰው ነበር። በ1999ኙ ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 73 ሚሊዮንን አልፎ ሳለ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር 547 ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ከ550 እንዳይበልጥ ወስኗል። ሲካፈል ለአንድ ተወካይ ከ130 ሺህ ሰው በላይ ይደርሰዋል። ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ያለውን የአዳርቃይ ቆላ፣ ከላይ ያለውን የበየዳና የጃናሞራ ደጋ ለሚያውቅ ሰው ይህ የወረቀት ቁጥር አይደለም። አሁን ግን የቀድሞው እንደራሴ ያልነበረው አንድ ነገር አለ፦ አንቀጽ 54 መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ በሕግ መሠረት እንዲያነሣ ይፈቅዳል። የደባርቅና የዳባት መራጭ ይህን ሥልጣን የሚሠራበት ግን ስለ ፓርኩ ድንበር፣ ስለ መንገዱና ስለ ማዳበሪያው ዋጋ የሚወሰነው ውሳኔ በተወካዩ እጅ ሲያልፍ ነው፤ ያለዚያ በምን ጉዳይ ተጠያቂ ያደርገዋል?