ጆርጅ ኢን፦ የሱፍ ንግድ የቀረጸው የመንደር መጠጥ ቤት

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሰመርሴት አውራጃ በምትገኘው የኖርተን ሴንት ፊሊፕ መንደር የቆመው ጆርጅ ኢን፣ በመካከለኛው ዘመን ተሠርተው እስከ ዛሬ እንግዳ ከሚያስተናግዱ የእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች አንዱ ሲሆን፣ አሠራሩን ለመረዳት በቅድሚያ የቀድሞ ባለቤቶቹን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ቤቱን ያሠሩት በ1232 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአቅራቢያው በተመሠረተው የሂንተን ገዳም ይኖሩ የነበሩ የካርቱዢያን ማኅበር መነኮሳት ናቸው፤ መንደሯ የሱፍና የጨርቅ ገበያ የሚቆምባት ስለነበረች፣ ነጋዴውን የሚያሳድር፣ ሸቀጡንም ከዝናብና ከሌባ የሚጠብቅ ቤት አስፈልጓቸዋል።

ይህ ድርብ አገልግሎት በሕንፃው ፊት ላይ በግልጽ ይታያል። ምድር ቤቱ በወፍራም የድንጋይ ግንብ የታነጸ ሲሆን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩት ሁለቱ ፎቆች ግን በእንጨት የተዋቀሩ ናቸው። የአንዱ ምሰሶ ጫፍ ሾሎ በሌላው ላይ በተፈለፈለው ቀዳዳ ውስጥ ከገባ በኋላ በእንጨት ችንካር ይያያዛል፤ በምሰሶዎቹ መካከል የቀረው ክፍተትም ይሞላና በልስን ይሸፈናል። እያንዳንዱ ፎቅ ከሥሩ ካለው ግድግዳ አልፎ ወደ መንገዱ ብቅ ይላል፤ የወለሉ አግዳሚዎች ከግድግዳው ውጭ እንዲዘልቁ ተደርጎ የላይኛው ግድግዳ በጫፎቻቸው ላይ ስለሚያርፍ፣ የክፍሎቹ ስፋት ይጨምራል፣ ከላይ የሚወርደው ዝናብም ከታችኛው ግድግዳ ይርቃል። ከጓሮ በኩል ደግሞ ግቢውን ቁልቁል የሚያይ የእንጨት ሰገነት አለ፤ እንዲህ ያለው ሰገነት እንግዳው በሌላው መኝታ ክፍል ሳያልፍ ወደራሱ እንዲገባ የሚያስችል፣ የዘመኑ ማረፊያ ቤቶች መተላለፊያ ነበር።

ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ባፈረሱበት ዘመን፣ በ1539፣ የሂንተን ገዳምም ተዘጋ፤ ማረፊያ ቤቱ ግን ከመነኮሳቱ በኋላም መንገደኛ መቀበሉን ቀጠለ። በሰኔ 1685 በንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ ላይ ያመፀው የሞንማውዝ መስፍን በዚሁ ቤት ሰፍሮ ሳለ፣ ወታደሮቹ በመንደሯ ከንጉሡ ጦር ጋር ተዋግተዋል።

ዛሬ ሕንፃው በእንግሊዝ ሕግ ለቅርስ በሚሰጠው ከፍተኛ ደረጃ ይጠበቃል። ይህም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ድንጋዩ ያለ ሱፉ፣ ሰገነቱም ያለ እንግዳው ትርጉማቸው ስለሚጎድል፣ እንዲህ ያለው ቅርስ በእውነት ተጠበቀ የሚባለው ክፍሎቹ በሙሉ ተያይዘው ሲቆዩና ቤቱ የተሠራበትን እንግዳ የመቀበል ሥራ ሳያቋርጥ ሲቀጥል ነው።