የቢዝነስ ጋዜጠኝነት

የቢዝነስ ጋዜጠኝነት ስለ ኩባንያዎች፣ ስለ ባንኮች፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ሥራና ስለ መንግሥት በጀት መረጃ የሚሰበስብ፣ የሚመረምርና ለአንባቢ የሚያቀርብ የጋዜጠኝነት ዘርፍ ነው። የንግድ ጋዜጠኝነት ወይም የኢኮኖሚ ጋዜጠኝነት ተብሎም ይጠራል። ዘርፉ የተጀመረው ለነጋዴዎችና ለባለ ገንዘቦች ፈጣን መረጃ ለመሸጥ ነበር። ዛሬ ግን የሚጽፈው ነገር ነጋዴ ያልሆነውንም ሰው ይነካል። ስለ ዳቦ ዋጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ብድር ወለድና ስለ ሥራ ዕድል በፓርላማም ሆነ በሻይ ቤት የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ይህ ዘርፍ ባሰራጫቸው ቁጥሮችና ቃላት ነው። ስለዚህ በቢዝነስ ጋዜጠኝነት ላይ ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ «የሚጽፈው ለማን ነው?» የሚለው ነው።

በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ

ዘ ኢኮኖሚስት የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ በ1843 በለንደን ተመሠረተ። መሥራቹ ጀምስ ዊልሰን የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነ ባርኔጣ አምራች ነበር። ጋዜጣው የተቋቋመው ከውጭ በሚገባ እህል ላይ ቀረጥ የሚጥሉትን የእንግሊዝ የእህል ሕጎች ለመቃወም ነው። ሕጎቹ ባለ መሬቶችን ይጠቅሙ ነበር፤ የዳቦን ዋጋ ግን ያስወድዱ ነበር። በ1846 ፓርላማው ሻራቸው። ጋዜጣው ለመሻራቸው ከተሟገቱት ብዙ ድምፆች አንዱ ነበር። ከዚህ እንደሚታየው የቢዝነስ ጋዜጠኝነት ገና ከልጅነቱ የክርክር ዘጋቢ ብቻ ሳይሆን የክርክር ተሳታፊም ነበር።

ሁለተኛው መነሻ ፍጥነት ነው። በ1850 ፖል ጁሊየስ ሮይተር በጀርመኗ አኸን እና በብራሰልስ መካከል የቴሌግራፍ መስመር ባልተዘረጋበት ርቀት ላይ የአክሲዮን ዋጋን በርግብ ያስልክ ጀመር። ርግቦቹ ባቡሩን ይቀድሙ ነበር። በ1851 ሮይተር ወደ ለንደን ተሻግሮ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የዜና ወኪል መሠረተ።

በአሜሪካ በ1882 ቻርልስ ዳው፣ ኤድዋርድ ጆንስ እና ቻርልስ በርግስትሬሰር ዳው ጆንስ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። መጀመሪያ በእጅ የተጻፉ አጫጭር የዜና ወረቀቶችን በመልእክተኛ ወደ ዎል ስትሪት ቢሮዎች ይልኩ ነበር። በ1889 ይህ ሥራ አድጎ ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለ ጋዜጣ ሆነ። በ1896 ዳው የ12 ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ አማካይ የሚያሳይ የኢንዱስትሪ መለኪያ አወጣ። ዛሬ መለኪያው 30 ኩባንያዎችን ይይዛል። በእንግሊዝ ፋይናንሻል ታይምስ በ1888 ተመሠረተ፤ ከ1893 ጀምሮም ከሌሎች ጋዜጦች ለመለየት በሮዝ ወረቀት ላይ መታተም ጀመረ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ፎርብስ (1917) እና ፎርቹን (1930) መጽሔቶች የኩባንያ መሪዎችን በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ታዋቂ አደረጉ። በ1981 የተመሠረተው ብሉምበርግ የገበያ መረጃን በኮምፒውተር ተርሚናል ለባንኮች ማቅረብ ጀመረ፤ በ1990ም የራሱን የዜና ክፍል ከፈተ። በ1989 ሥራ የጀመረው ሲኤንቢሲ ደግሞ የአክሲዮን ዋጋን ቀኑን ሙሉ ወደ ቴሌቪዥን መስኮት አመጣ።

ሕዝባዊ ውይይትን የሚቀርጽበት መንገድ

ማክስዌል ማኮምስ እና ዶናልድ ሾው የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968ቱ የአሜሪካ ምርጫ ወቅት በቻፕል ሂል ከተማ ጥናት አድርገው ውጤቱን በ1972 አሳተሙ። መራጮች ዋና ጉዳይ የሚሏቸው ነገሮች መገናኛ ብዙኃን አጉልተው ካቀረቧቸው ጉዳዮች ጋር በእጅጉ ይመሳሰሉ ነበር። ይህ አስተሳሰብ የአጀንዳ ቀረጻ ንድፈ ሐሳብ ይባላል። በቢዝነስ ዜና ላይ ሲታይ ቀረጻው በሦስት ምርጫዎች ይካሄዳል።

የመጀመሪያው የቁጥር ምርጫ ነው። የአክሲዮን ዋጋ በየሰከንዱ ስለሚለወጥ ለዜና ይመቻል፤ የሥራ አጥነት ቁጥር ግን በወር አንድ ጊዜ ይወጣል። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት፣ በሚያዝያ 2020፣ የአሜሪካ የሥራ አጥነት መጠን 14.7 በመቶ ደረሰ። በዚያው ወር ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው የአክሲዮን መለኪያ ከ12 በመቶ በላይ ጨመረ። ሁለቱም ዜናዎች እውነት ነበሩ። «ኢኮኖሚው እንዴት ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ግን የትኛው ቁጥር በርዕሱ ላይ እንደወጣ ይለያያል።

ሁለተኛው የቃል ምርጫ ነው። አንድ ኩባንያ ሰዎችን ከሥራ ሲያሰናብት «ወጪ ቀነሰ» ማለትም «ሠራተኞችን አባረረ» ማለትም ይቻላል። የመጀመሪያው አነጋገር የባለ አክሲዮኑ ነው፤ ሁለተኛው የሠራተኛው። ሙያዊ ቃላትም ሳይብራሩ ሲቀሩ አንባቢን ያሳስታሉ። ለምሳሌ «የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ ወደ 20 በመቶ ወረደ» የሚል ዜና ዕቃ ረከሰ ማለት አይደለም። በ100 ብር ይሸጥ የነበረ ዕቃ በመጀመሪያው ዓመት 30 በመቶ ጨምሮ 130 ብር ከገባ፣ በሁለተኛው ዓመት 20 በመቶ ሲጨምር 156 ብር ይሆናል። የወረደው የጭማሪው ፍጥነት ነው፤ ዋጋው ግን አሁንም እየወጣ ነው።

ሦስተኛው የተናጋሪ ምርጫ ነው። ዜናው በቶሎ መውጣት ስላለበት ዘጋቢው ስልክ ቶሎ የሚያነሣለትንና ቁጥር በእጁ የያዘውን ሰው ይጠይቃል። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ የባንክ ወይም የኢንቨስትመንት ድርጅት ተንታኝ ነው። ተንታኙ አዋቂ ቢሆንም ቀጣሪው ድርጅት በገበያው ውስጥ ጥቅም አለው። ዋጋው የሚነካቸው ገበሬዎች፣ ተከራዮችና ሠራተኞች ግን በዜናው ውስጥ እምብዛም አይናገሩም።

ዜናው ራሱ ክስተቱን ሲለውጥ

የአየር ጠባይ ዘገባ ዝናቡን አያመጣውም። የቢዝነስ ዘገባ ግን የሚዘግበውን ነገር ሊለውጥ ይችላል።

በመስከረም 13 ቀን 2007 የቢቢሲ የቢዝነስ አርታዒ ሮበርት ፔስተን ኖርዘርን ሮክ የተባለው የእንግሊዝ ባንክ ከአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ አስቸኳይ ድጋፍ መጠየቁን ዘገበ። በማግሥቱ ገንዘብ አስቀማጮች በባንኩ ቅርንጫፎች በር ላይ ረጅም ሰልፍ ያዙ። በእንግሊዝ እንዲህ ያለ የባንክ ሩጫ ከ1866 ወዲህ አልታየም ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ መንግሥት ለተቀማጩ ገንዘብ ዋስትና ሰጠ፤ በየካቲት 2008 ደግሞ ባንኩን ወረሰው። ዘገባው ትክክል ነበር። የባንኩም ችግር ከዜናው በፊት የነበረ ነው፤ ባንኩ የሚያበድረውን ገንዘብ በአብዛኛው ከአስቀማጮች ሳይሆን ከገንዘብ ገበያ ያገኝ ስለነበር፣ ገበያው ሲደርቅ መተንፈሻ አጣ። ሆኖም ዜናው መውጣት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ክርክር እስከ ፓርላማ ደረሰ። አንደኛው ወገን ዘገባው ድንጋጤ ፈጠረ አለ። ሌላኛው ወገን አስቀማጩ የገዛ ገንዘቡን ሁኔታ ከባንኩ ኃላፊዎች እኩል የማወቅ መብት አለው ሲል መለሰ።

በመስከረም 2008 ደግሞ ስሕተት የገባው ከኮምፒውተር ነው። ዩናይትድ አየር መንገድ በ2002 ኪሳራ ማወጁን የሚናገር አሮጌ ዜና በአንድ የፍሎሪዳ ጋዜጣ ድረ ገጽ ላይ ብዙ ከተነበቡት ዝርዝር ውስጥ ብቅ አለ። ገጹ ላይ የመጀመሪያው ቀን አልተጻፈም ነበር። የጉግል ዜና ሰብሳቢ ፕሮግራም ዜናውን እንደ አዲስ ወሰደው፤ ከዚያም ርዕሱ በብሉምበርግ ተርሚናሎች ላይ ታየ። የኩባንያው አክሲዮን ከ12 ዶላር በላይ ከነበረበት በደቂቃዎች ውስጥ ወደ 3 ዶላር ወረደ። ግብይቱ ቆመ፤ ስሕተቱ ሲታወቅም ዋጋው በዚያው ቀን አብዛኛውን አገገመ። በመካከሉ በርካሽ የሸጡት ሰዎች ግን ከስረው ቀሩ። ዛሬ ዜናን ራሳቸው አንብበው የሚገዙና የሚሸጡ ፕሮግራሞች ስላሉ ሰው ርዕሱን አንብቦ ሳይጨርስ ዋጋው ሊለወጥ ይችላል።

ምርመራና ዝምታ

ኢንሮን የተባለው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ በፎርቹን መጽሔት ዝርዝር ለስድስት ተከታታይ ዓመታት የአገሪቱ እጅግ ፈጠራ የተሞላ ኩባንያ ተብሎ ተመርጧል። በመጋቢት 2001 የዚያው መጽሔት ዘጋቢ ቤተኒ ማክሊን የኩባንያው አክሲዮን ዋጋ ከልክ በላይ አለመሆኑን የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጣች። የጠየቀችው ቀላል ነገር ነበር፤ ኢንሮን ገንዘቡን የሚያገኘው በትክክል ከየት ነው? በታኅሣሥ 2001 ኢንሮን ኪሳራ አወጀ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራቸውን፣ ብዙዎቹም የጡረታ ቁጠባቸውን አጡ። ያሞገሰውም የጠየቀውም አንድ መጽሔት መሆኑ በዘርፉ ታሪክ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል።

ዋየርካርድ የተባለው የጀርመን የክፍያ ኩባንያ ደግሞ ምርመራ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል አሳይቷል። ፋይናንሻል ታይምስ ከ2015 ጀምሮ በኩባንያው ሒሳብ ላይ ጥያቄ ያነሣ ነበር። በመስከረም 2018 ዋየርካርድ ዳክስ በተባለው የጀርመን ታላላቅ ኩባንያዎች መለኪያ ውስጥ የኮሜርስ ባንክን ቦታ ወሰደ፤ በአገሩም የቴክኖሎጂ ኩራት ተደርጎ ይታይ ነበር። በጥር 2019 ዘጋቢው ዳን ማክረም በሲንጋፖር ቢሮ የሐሰት ሒሳብ ጥርጣሬ መኖሩን ሲጽፍ፣ ባፊን የተባለው የጀርመን የገንዘብ ተቆጣጣሪ በዋየርካርድ አክሲዮን መውረድ ለማትረፍ የሚደረገውን ግብይት ለሁለት ወር አገደ። በሚያዝያ 2019 ደግሞ በጋዜጠኞቹ ላይ የወንጀል አቤቱታ አቀረበ። ክርክሩ «የኩባንያው ሒሳብ እውነት ነው ወይ?» ከሚለው ወጥቶ «ጋዜጠኞቹ ከማን ጋር ተመሳጥረዋል?» ወደሚለው ዞረ።

በሰኔ 2020 የኩባንያው የውጭ ኦዲተር 1.9 ቢሊዮን ዩሮ ሊገኝ ባለመቻሉ ሒሳቡን አላጸድቅም አለ። ከቀናት በኋላ ዋየርካርድ ዕዳውን መክፈል እንዳልቻለ አስታወቀ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ታሰረ፤ የሥራ ክንውን ኃላፊው ከአገር ሸሸ። ዓቃብያነ ሕግም በጋዜጠኞቹ ላይ የተጀመረውን ምርመራ ዘጉ። የጀርመን ፓርላማ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ የባፊን ፕሬዚዳንትም ከሥልጣን ወረደ።

ነፃነትና የጥቅም ግጭት

የቢዝነስ መገናኛ ብዙኃን ስለ ኩባንያዎች ይጽፋሉ፤ ከኩባንያዎችም የማስታወቂያ ገንዘብ ያገኛሉ። ቃለ መጠይቅ የሚፈልግ ዘጋቢም የሚነቅፈውን ሰው ነገ መልሶ ሊያስፈልገው ይችላል። ባለቤትነቱም ቢሆን ከንግዱ ዓለም የራቀ አይደለም። ዳው ጆንስ በ2007 በሩፐርት መርዶክ ይመራ በነበረው ኒውስ ኮርፖሬሽን ተገዛ፤ ፋይናንሻል ታይምስን ደግሞ በ2015 የጃፓኑ ኒኬይ በ844 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው።

ጋዜጠኛው ራሱ አትራፊ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በ1980ዎቹ የዎል ስትሪት ጆርናል ዓምደኛ ፎስተር ዊናንስ ሊወጡ የተዘጋጁ ጽሑፎቹን ይዘት ከኅትመት በፊት ለአክሲዮን ደላላ ይነግር ነበር። ጽሑፉ ሲወጣ ዋጋው ስለሚንቀሳቀስ ቀድሞ ያወቀው ያተርፋል። ዊናንስ ተፈርዶበታል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1987 ፍርዱን አጸና። ዛሬ ብዙ የዜና ተቋማት ዘጋቢዎቻቸው በሚጽፉባቸው ኩባንያዎች አክሲዮን እንዳይነግዱ ይከለክላሉ።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ በቢዝነስ ዜና ከሚታወቁት ሳምንታዊ ጋዜጦች ካፒታል በ1998፣ አዲስ ፎርቹን በ2000 ተመሠረቱ። ሁለቱም የሚታተሙት በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ከ1995 ጀምሮ የሚወጣው ሪፖርተርና ሌሎች መገናኛ ብዙኃን የኢኮኖሚ ዜና ያቀርባሉ፤ ሆኖም ዝርዝር የገበያ ዘገባ በእንግሊዝኛ ሲበዛ፣ ብዙው ሕዝብ በሚከራከርበት ቋንቋ የሚደርሰው ማጠቃለያው ይሆናል።

የቃል ምርጫ ክብደት ጎልቶ የታየው በሐምሌ 2024 ነው። በሐምሌ 29 ቀን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በዚያው ቀን የዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። በባንኮች 58 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንዱን ክስተት አንዳንዱ ዘገባ «የማሻሻያ እርምጃ» ሲለው ሌላው «ብር ተዳከመ» አለው። ለላኪ ነጋዴ፣ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ለሚገዛ ሕመምተኛ፣ ከአሜሪካ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ዘመድ ገንዘብ ለሚልክለት ቤተሰብ የክስተቱ ትርጉም አንድ አልነበረም።

በጥቅምት 2024 ኢትዮ ቴሌኮም የ10 በመቶ ድርሻውን ሽያጭ ጀመረ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር ሲሆን ግዢው የሚፈጸመው በቴሌብር ነበር። በጥር 2025 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ፤ ወጋገን ባንክም በገበያው የተመዘገበ የመጀመሪያው ባንክ ሆነ። በዚህ ምክንያት ከዚህ በፊት የኩባንያ ሒሳብ አንብቦ የማያውቅ ሰው በስልኩ ባለ አክሲዮን መሆን ችሏል። ይህ ሰው ስለ ገዛው ኩባንያ የሚወጣ ዜና ሲያነብ፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ የተጠቀሰው ባለሙያ ለማን እንደሚሠራና ዘገባው ማስታወቂያ ይሁን ዜና መለየት ያስፈልገዋል። ይህን በሚያስበው ቋንቋ የሚያስረዳው ዘገባ ካላገኘ ግን አክሲዮኑን የሚገዛውም የሚሸጠውም በወሬ ይሆናል።