የፎቶግራፍ ፊልምን በቤት ውስጥ ወደ ዲጂታል ስለ መገልበጥና ስለ ስካነር አመራረጥ

የሕዝቦችን ኑሮና ልማድ የሚያጠና ሰው ከመስክ ይዞት የሚመለሰው ማስረጃ በማስታወሻ ደብተር ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ከደብተሩ ጋራ ኔጋቲቩም አለ። ደብተሩ ብዙ ጊዜ ይታተማል፣ ይጠቀሳልም፤ ኔጋቲቩ ግን በመሳቢያ ተዘግቶበት ያረጃል። በተለይ ከሴሉሎስ አሴቴት የተሠራው ፊልም ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው የኮምጣጤ ሽታ እያወጣ ይኰማተራል፤ ምስሉን የያዘውም ሽፋን ይላቀቃል። ሽታው ከተሰማ ወዲያ ጥፋቱን በቀዝቃዛ ስፍራ ማዘግየት ይቻላል እንጂ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ምስሉ ሳይጠፋ ሊገለበጥ ይገባል፤ ይህንንም በቤቱ ሊሠራ የሚያስብ ተመራማሪ መሣሪያውን በምን መመዘኛ እንደሚመርጥ ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

ገዥ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስካነሩ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ እንደሚያነብ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሣጥኑ ላይ የሚነበበው መልስ ግን ያሳስታል። የ35 ሚሊሜትር ፊልም አንዱ ምስል 24 በ36 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ በኢንች 4000 ነጥብ ቢነበብ 21 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ይገኛል፤ ይህም ለአብዛኛው ፊልም ይበቃል። ኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600 የተባለው ጠፍጣፋ ስካነር 6400፣ ለ35 ሚሊሜትር ብቻ የተሠራው ፕለስቴክ ኦፕቲክፊልም 8200አይ ደግሞ 7200 ነጥብ ያነባል ተብሎ ይሸጣል። ይህ ቁጥር ዳሳሹ የሚቈጥረውን እንጂ ሌንሱ ለይቶ የሚያሳየውን አይናገርም። በመፈተሻ ሰሌዳ ሲለካ የኋለኛው ወደ ግማሹ ይጠጋል፤ የፊተኛው ከግማሹ እጅግ ያንሳል። ትርፉ ነጥብ ሰነዱን ያገዝፋል እንጂ የጥልፍ ክር አያሳይም።

ሆኖም በሮሊፍሌክስ ዓይነት ካሜራ ለሠራ ሰው ጠፍጣፋው አይናቅም። የ6 በ6 ሴንቲሜትር ምስል ስፋቱ 56 ሚሊሜትር ያህል ነውና፣ በእውነተኛ 1500 ነጥብ እንኳ ቢነበብ 11 ሚሊዮን ነጥብ ይሰጣል። ኒኮን ኩልስካን ስሙ የተመሰገነ ቢሆንም መመረቱ ከቆመ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መለዋወጫ በማይገኝበት አገር ያገለገለውን መግዛት አይመከርም።

ሁለተኛው ነገር አቧራ ነው። አንዳንዱ ስካነር በኢንፍራሬድ ብርሃን አቧራውን ከምስሉ ለይቶ ያጠፋል። የቀለም ፊልም ማቅለሚያ ይህን ብርሃን ያሳልፋል፤ የጥቁርና ነጭ ፊልም ብር ግን ያግደዋልና መሣሪያው ምስሉን ራሱን እንደ ጕድፍ ይቈጥረዋል። በኮዳክሮምም ላይ የታመነ አይደለም። እንግዲህ ስብስቡ ጥቁርና ነጭ የሆነ ሰው ለዚህ ተጨማሪ ዋጋ ቢከፍል ገንዘቡን በከንቱ ማውጣቱ ነው፤ ለስላሳ ብሩሽና የእጅ አየር መንፊያ ይበቁታል።

ሦስተኛው የጥቁረት መጠን ነው። በስላይድ ላይ በጐጆ ውስጥ፣ ከበሩ በሚገባው ብርሃን ብቻ የተነሣ ሰው ፊቱ ከፊልሙ ጥቅጥቅ ካለው ክፍል ይወድቃል። ደካማ ስካነር በዚያ ስፍራ ከፊቱ ይልቅ የራሱን ብናኝ ያሳያል፤ ተመራማሪው ሊያየው የፈለገው የአንገት ማተብ ወይም የግንባር ንቅሳት እንደሌለ ይሆናል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት እጅግ የጨለመውን ስላይድ ይዞ ሄዶ ማስፈተን ይሻላል።

በእኛ አስተያየት 24 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ካሜራ አስቀድሞ በእጁ የሚገኝ ሰው ስካነር ባይገዛ ይመረጣል። ፊልሙን በእውነተኛ መጠኑ የሚያነሣ የማክሮ ሌንስ፣ ጽኑ ማቆሚያ፣ ቀለምን የመግለጽ መለኪያው ከ95 የማያንስ የብርሃን ሰሌዳ ቢጨምርበት፣ በኢንች ወደ 4200 ነጥብ ያገኛል፤ ስካነር ደቂቃዎች የሚፈጅበትን ምስል በቅጽበት ይገለብጣል። ችግሩ ፊልሙን ዘርግቶ ከሌንሱ ጋራ ማስተካከል ነው፤ የቀለም ኔጋቲቭም ብርቱካንማ መልኩን ለማስወገድ ትዕግሥት ይጠይቃል።

በማናቸውም መንገድ ቢገለበጥ ዋናው ቅጂ በ16 ቢት ቲፍ ሆኖ ሳይቀባባ ይቀመጥ፤ የጥቁርና ነጩ አንዱ ምስል 43 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። የፊልሙ ጠርዝና የምስሉ ተራ ቁጥር ሳይቈረጥ ይግባ፤ የትኛው ምስል ከየትኛው በፊት እንደ ተነሣ፣ የሥርዐቱም አካሄድ እንዴት እንደ ነበረ የሚታወቀው ከዚያ ነውና። በፖስታው ላይ በእርሳስ የተጻፈው የመንደር ስምና ቀንም አብሮ ይገልበጥ።