ስለ ቴምብር መሰብሰብና ስለ አሮጌ ደብዳቤ

ተማሪ ከትምህርቱ ሲያርፍ እጁን የሚያሠራበት፥ አእምሮውንም የሚያሰፋበት ነገር ቢያገኝ ለወላጆቹ ደስታ ነው። ከዚህም ዓይነት ሥራ አንዱ ቴምብር መሰብሰብ ነው፤ ወጪው ጥቂት ሲሆን ትዕግሥትንና ጥንቃቄን ያስተምራል።

ቴምብር ታሪክ ይናገራል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ያወጧቸው፥ በፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች ሰባት ሲሆኑ፥ አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፥ ሦስቱ የአንበሳውን ሥዕል ይዘዋል። አገራችን በ1901 ዓ.ም. ወደ ዓለም ፖስታ ኅብረት እስክትገባ ድረስ፥ ወደ ውጭ የሚላከው ደብዳቤ የሌላ አገር ቴምብር ጭምር ያስፈልገው ነበር። ሁለቱ ቴምብሮች ጎን ለጎን የተለጠፉበት ፖስታ ይህን ሁሉ ያስረዳል፤ ቴምብሩ ብቻውን ቢነሣ ግን ምስክርነቱ ይጎድላል።

ይህን የተማርነው በደብረ ማርቆስ በቤታችን በደረሰብን ነገር ነው። የምናሳድገው አንድ ተማሪ፥ አባታችን ከአዲስ አበባ የጻፉልንን ደብዳቤ ከሣጥን አግኝቶ ቴምብሩን በመቀስ ቆረጠ፤ ፖስታውንም እሳት ውስጥ ጣለው። በደብዳቤው ላይ ቀኑና ወሩ እንጂ ዓመተ ምሕረቱ አልተጻፈም ነበር። ዓመቱን የሚመሰክረው የፖስታ ቤቱ ማኅተም ሲሆን፥ ግማሹ ከቴምብሩ ጋር ቀረ፤ ዓመቱ ያለበት ግማሽ ተቃጠለ። አባታችን ዛሬ በሕይወት ስለሌሉ የሚነግረን የለም። ልጁን ግን አልቀጣነውም፤ አስቀድመን ሳናስተምረው የቀረን እኛ ነንና።

ስለዚህ አሮጌ ደብዳቤ ከነፖስታው ይቀመጥ። ከአዲስ ፖስታ ላይ በሙጫ የተለጠፈ ቴምብር ማንሣት የሚፈልግ፥ በዙሪያው ያለውን ወረቀት አትርፎ ይቁረጥ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ ሙጫው ሲለቅ ሳይጎትት ይለየው። ከዚያም በንጹሕ ወረቀት መካከል አድርጎ መጽሐፍ ይጫንበት፤ ቀለሙ እንዳይደበዝዝ በፀሐይ አያስጣው፤ በደብተሩም ላይ በሙጫ አይለጥፈው። በደጋው ክረምት እርጥበት ስለሚበዛ ደብተሩ ከግድግዳና ከወለል ይራቅ።

ያ ልጅ ዛሬ መቀስ ከማንሣቱ በፊት ደብዳቤውን ይዞ ይመጣና «ይህ የማን ነው? መቼስ ተጻፈ?» ብሎ ይጠይቀናል። የምናውቀውን እንነግረዋለን፤ እርሱም በደብተሩ ይጽፈዋል።