የፕላስቲክ ዓሣ ቀለም ከመቀባቱ በፊት

ፍሬድ ያንግ የተባለው የቴነሲ ሰው ከባልሳ እንጨት እየጠረበ ይሠራው የነበረውን ሆደ ሰፊ የዓሣ ማጥመጃ፣ ኮተን ኮርደል የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ «ቢግ ኦ» በሚል ስም በፕላስቲክ አውጥቶ በብዛት ከሸጠው ወዲህ፣ ባስ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ አሜሪካውያን ይህን ጠጣር አምሳለ ዓሣ እጅግ ወደዱት፤ ነገር ግን ፋብሪካው ለሁሉም የሚሰጠው ያንኑ ኅብረ ቀለም ስለሆነ፣ የሐይቁን ውሃ ጥራትና በውስጡ የሚመላለሱትን የትናንሽ ዓሦች መልክ ጠንቅቆ የሚያውቅ አጥማጅ፣ ማጥመጃውን እንደ ፈቃዱ ዳግመኛ መቀባትን ይመርጣል።

የተጠናቀቀውን ሥራ የሚያይ ሰው ጥበቡ ሁሉ በቀለም መርጫው ላይ ያለ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ከድካሙ የሚበዛው የቀለሙ ጣሳ ከመከፈቱ አስቀድሞ ያልቃል ባይ ነኝ። ማጥመጃው የሚሠራበት ኤቢኤስ የተባለው ፕላስቲክ በባሕርዩ ልሙጽ ነው፤ ቀለም ያልነካው አዲሱም ቢሆን ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ቅባት ሊኖርበት ይችላል፤ ስለዚህ ብራና ሳይፋቅ ቀለም እንደማይቀበል፣ እርሱም ሳይሰናዳ የተቀባው ቀለም ገና ድንጋይ ሲነካው ይላጣል።

ባለ ሦስት ጣቱ መንጠቆና ቀለበቶቹ በፒንሳ ይፈታሉ፤ ገላው በሳሙና ይታጠባል። ከዚያም ቁጥሩ ከ400 እስከ 600 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ እየራሰ፣ ነጸብራቁ እስኪደበዝዝ ድረስ ይታሻል። ወጣንያን የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ የቀድሞው ቀለም ፈጽሞ ካልጠፋ ብለው ሲታገሉ የቅርፊቱንና የስንጥቡን ቅርጽ ይደመስሳሉ፣ አልፎ አልፎም የሁለቱን ግማሽ አካላት መጋጠሚያ አሳስተው ውስጠ ባዶውን ዓሣ ውሃ እንዲገባበት ያደርጋሉ። የተጣበቀ ቀለም ይቆይ፤ ሻካራነቱ ብቻ ይበቃል። ችኩሉ ደግሞ አሴቶን ያነሣል፤ አሴቶን ግን ከቀለሙ ጋር ኤቢኤሱንም ስለሚያሟሟ፣ ማዳን የሚፈልገውን ራሱን ያጠፋበታል።

ከአፉ ሥር የወጣችው ግልጽ ስስ ሰሌዳ ማጥመጃውን ወደ ጥልቁ የምታወርድና የምታወዛውዝ ስለሆነች፣ እንዳትጫርና ቀለም እንዳይነካት በወረቀት ፕላስተር ትሸፈናለች፤ የተለጠፈ ዓይን ካለም ይነቀላል። በመጨረሻ ገላው በአልኮል ይጠረጋል፤ የጣት ቅባት እንደገና እንዳያርፍበትም በሽቦ ተይዞ ይንጠለጠላል።

መሠረት የሚሆነው ቀለም ነጭ ነው፤ በላዩ የሚረጨው አክሪሊክ ስስ ሆኖ ብርሃን ስለሚያሳልፍ፣ ከሥሩ ጠቆር ያለ ነገር ካለ ደምቆ አይታይም። በፀጉር ማድረቂያ የሚያደርቁት አሉ፤ ከቅርብ ከተያዘ ግን ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ውስጡ የታፈነው አየርም እየሰፋ ገላውን ያጣምመዋል። ደግሞም ወፍራም ሽፋን ክብደት ጨምሮ ውዝዋዜውን ስለሚያከብደው፣ ልምድ ያለው ሰው ነጩን በአንድ ወፍራም ሽፋን አይቀባም፤ የመጀመሪያው ስስ ሽፋን እስኪደርቅ ጠብቆ ሁለተኛውን ያክላል።