በረቂቅ መመሪያ ላይ የሚሰጥ አስተያየት ምን ይለውጣል?

ለጤና ባለሙያው የዕለት ሥራ ከአዋጅ ይልቅ የቀረበው ሕግ መመሪያ ነው። የመድኃኒት አያያዝ፣ የጤና ተቋማት መስፈርትና የሪፖርት አቀራረብ ዝርዝር በአብዛኛው የሚወሰነው በመመሪያ ነው። ስለሆነም በረቂቁ ላይ የሚሰጥ አስተያየት ውጤት ይኖረዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ሕመምተኛውንም የሚነካ ነው።

በኢትዮጵያ የዚህ ጉዳይ መሠረት የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። በአዋጁ መሠረት ጤና ሚኒስቴርን የመሰለ የፌዴራል ተቋም መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ ማሳወቅና አስተያየት መቀበል ይኖርበታል። ይሁን እንጂ ተቋሙ አስተያየቱን የመመልከት እንጂ እንዳለ የመቀበል ግዴታ የለበትም።

የሌላ አገር ልምድ ይህን ግልጽ ያደርገዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1995 ትምባሆ ለታዳጊዎች እንዳይሸጥ ባቀረበው ረቂቅ ላይ ከ700,000 በላይ አስተያየቶች ደርሰውታል። በ1996 በወጣው ደንብ ዋናው ዓላማ አልተለወጠም፤ ነገር ግን በፖስታ የሚደረግ ሽያጭን የሚከለክለው ሐሳብ ቀርቷል። በ2000 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ ለተቋሙ ይህን ሥልጣን አልሰጠም በማለት ደንቡን ሽሮታል። ከዚህ እንደሚታየው አስተያየት እንደ ድምፅ አይቆጠርም፤ ብዙውን ጊዜ የሚለውጠውም ዓላማውን ሳይሆን ዝርዝሩንና ልዩ ሁኔታውን ነው።

ለጋምቤላ ክልል ወሳኙ ይኸው ልዩ ሁኔታ ነው። ጋምቤላ ከተማ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በክረምት ባሮና ሌሎች ወንዞች ሲሞሉ ወደ ጅካዎና አኮቦ የመሳሰሉ ወረዳዎች መጓዝ አዳጋች ይሆናል። አንድ ረቂቅ የጽሑፍ ሪፖርት በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲደርስ ቢያዝ፣ «ጊዜው አያመችም» የሚል አስተያየት ክብደቱ አነስተኛ ነው። አንቀጹን ጠቅሶ፣ መንገድ የተቋረጠባቸውን ቀናት ከጤና ጣቢያው መዝገብ አያይዞ፣ «በጎርፍ ወራት በስልክ የተላለፈ መረጃ ተቀባይነት ይኑረው» የሚል አማራጭ የሚያቀርብ ግን ለአርቃቂው የሚሠራበትን ነገር ይሰጠዋል። በአማርኛ ብቻ የተዘጋጀ የስምምነት ቅጽ ኑዌርኛ ወይም አኝዋኛ ብቻ ለሚናገር ሕመምተኛ በቂ አለመሆኑንም በቅርብ የሚያውቀው በስፍራው ያለው ባለሙያ ነው።

የፌዴራሉ አዋጅ በክልል ቢሮዎች ላይ ተፈጻሚ እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል። ቢሆንም በዚሁ መልክ የተዘጋጀ አስተያየት ለክልሉ ጤና ቢሮ በደብዳቤ ከመቅረብ የሚያግደው የለም። መመሪያው ከጸደቀ በኋላም ከረቂቁ ጋር ማመሳከር አስተያየቱ ምን እንደለወጠ ለማወቅ ይረዳል።